አደራ ሰጥቶ መልሶ መውሰድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች በዕድሜም በኑሮም ከማይመሳሰሉ ሰዎች የመጡ ናቸው። ሆኖም ሦስቱም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ሕይወቴን ለእግዚአብሔር አሳልፌ ሰጥቻለሁ» ያለ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ በእጁ የሚቀረው ምንድን ነው? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያስታውቅ የሚችለውንም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ «የ4 ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ 21 ዓመቱ ሲሆን ለትምህርት ከቤት ከወጣ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቷል፤ ለምልክለት መልእክትም ከሳምንት አንድ ጊዜ ቢመልስ ነው። ስለ እርሱ ጾሜአለሁ፤ ጸልያለሁ፤ በጉባኤ መካከል ቆሜም ልጄን ለእግዚአብሔር አሳልፌ ሰጥቻለሁ ብዬ መስክሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ቀን የሰጠሁትን ሌሊት መልሼ እወስደዋለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ፣ ባለቤቴን እንዳልቀሰቅስ ስልኬን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልጄ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት አያለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከሆነ እስካሁን ምን ያደርጋል እላለሁ፤ ከትናንት ወዲህ ካልታየም ምን ሆነ ብዬ እጨነቃለሁ። እምነቴ ውሸት ነውን? አሳልፎ መስጠትስ እንዴት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብሁት «ቀን የሰጠሁትን ሌሊት መልሼ እወስደዋለሁ» ያሉትን ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ሆኖ ሳለ ስሙን ለውጠን «ሸክም አለብኝ»፣ «በምልጃ እየተጋሁ ነው» እንለዋለን። እርስዎ በስሙ ስለ ጠሩት መልሱን ቀላል አድርገውልኛል።

መዝሙር 37፥5 በአማርኛችን «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ፥ በእርሱም ታመን፥ እርሱም ያደርግልሃል» ይላል። የዕብራይስጡ ግስ በጥሬው «አንከባልል» ማለት ነው፤ በዘፍጥረት 29 ያዕቆብ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ድንጋዩን አንከባለለ የተባለውም ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። የአማርኛው ተርጓሚዎች ግን ድንጋዩን ትተው «አደራ» አሉ፤ በእኔ ግምት ይህ ምርጫቸው እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ምክንያቱም አደራ ምን እንደ ሆነ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። አደራ የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው፤ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮም ተጠያቂው ተቀባዩ ነው። አደራ ያስቀመጠ ሰው በየማለዳው በር እያንኳኳ «ዕቃዬ አለ? እስቲ አውጥተህ አሳየኝ» ቢል፣ ዕቃው አንድም ሳይጐድል በሁለቱ መካከል የነበረው መተማመን ይጐድላል።

እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱብኝ፤ ደጋግሞ መጸለይ በር ማንኳኳት ስለሆነ ይተዉት ማለቴ አይደለም። ጌታችን በሉቃስ 18 ዳኛውን እስክታሰለቸው ድረስ የተመላለሰችውን መበለት ምሳሌ አድርጎ አቅርቧታል፤ መዝሙረ ዳዊትም «እስከ መቼ?» በሚል ጩኸት የተሞላ ነው። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያቺ መበለት ዳኛውን ትጠይቃለች እንጂ ወንበሩ ላይ አትወጣም። እርስዎም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ጠብቅልኝ» ቢሉ አደራውን አልወሰዱም፤ ስልኩን ከፍተው የልጅዎን እንቅልፍ መቍጠር ሲጀምሩ ግን የጠባቂነቱን ሥራ ራስዎ ተረክበውታል።

እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የጸሎት ደብተር ነበረኝ። ቤት ስንቀይር ከካርቶን ሥር አገኘሁትና ቁጭ ብዬ አነበብሁት። በየገጹ የሰው ስም አለ፤ ከስሙ ትይዩ ሊሆንለት የሚገባው ነገር ተጽፏል፤ አንዳንዱ ጋ ሊሆን የሚገባበት ወር ሳይቀር ሰፍሯል። ለካ ለእግዚአብሔር የሥራ ትእዛዝ ስጽፍለት ኖሬአለሁ። በየገጹ ግርጌ «ፈቃድህ ይሁን» የሚል አለበት፤ ግን እንደ ማኅተም የተመታ እንጂ የተጸለየ አይመስልም። ደብተሩን አልጣልሁትም፤ ስጸልይ ድምፄ እንደ አለቃ መሆን ሲጀምር አውጥቼ አየዋለሁ።

«እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» የሚለውን የ1ኛ ጴጥሮስ 5፥7 ቃል በቃልዎ እንደሚያውቁት እገምታለሁ። ከፊቱ ያለው 6ኛው ቍጥር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በግሪክኛው «ጣሉት» የሚለው ራሱን የቻለ ትእዛዝ ሳይሆን፣ ከእግዚአብሔር እጅ በታች ራሳችሁን አዋርዱ ከሚለው ከፊተኛው ትእዛዝ ጋር የታሰረ፣ «እየጣላችሁ» እንደ ማለት ያለ ቃል ነው። እንግዲህ ጴጥሮስ ጭንቀትን መጣል ራስን ከማዋረድ ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ይህም ለእኛ የሚከብድበት ምክንያት ነው። ጭንቀታችን ለልጃችን ያለን ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ መጣሉ ባልከበደን ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ «እኔ ካልያዝሁት ይወድቃል» የሚል ትምክህት ተደብቋል። ይኸው «መጣል» የሚለው ግስ በአዲስ ኪዳን ሌላ አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፤ እርሱም በሉቃስ 19፥35 ደቀ መዛሙርቱ ልብሳቸውን በውርንጫው ላይ ሲጥሉ ነው። ልብሱን ውርንጫው ተሸክሞት ሄደ፤ ልብሳቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ጎን ለጎን ሲሮጡ አናነብም።

ስለ እናትነትዎ ደግሞ የሙሴን እናት እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። ዘጸአት 2 እንደሚነግረን ሕፃኑን 3 ወር ሸሸገችው፤ መሸሸግ በማይቻልበት ጊዜ የደንገል ሣጥን አዘጋጀች፤ ዝፍትና ቅጥራን ለቀለቀችው፤ ሕፃኑን አኖረችበትና በወንዙ ዳር በቄጠማው ውስጥ አስቀመጠችው። በሥዕል ስናየው የኖርነው ሣጥኑ በወንዙ መካከል ሲንሳፈፍ ነው፤ መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ቄጠማው ይዞታል፤ እኅቱም የሚሆነውን ለማየት በሩቅ ቆማለች። እናቲቱ የቻለችውን ሁሉ አድርጋለች ማለት ነው፤ ውኃ እንዳይገባ ቀዳዳውን የደፈነችው በራሷ እጅ ነው። ያልቻለችው አንድ ነገር ሣጥኑን ማን እንደሚከፍተው መወሰን ነበር። የከፈተችው ደግሞ ሕፃናቱ እንዲገደሉ ያዘዘው የንጉሡ የገዛ ልጅ ሆነች፤ ይህን ዕቅድ አድርጎ የሚያወጣ እናት የለም።

ለዚህ ሣጥን የተጻፈው የዕብራይስጥ ቃል «ቴባ» ሲሆን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በሌላ ታሪክ የሚገኘው ለኖኅ መርከብ ብቻ ነው። በአማርኛው አንዱ «ሣጥን»፣ ሌላው «መርከብ» ስለተባለ ዝምድናቸው ይሰወረናል። ኖኅ ርዝመቱ 300 ክንድ፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 30 እንዲሆን በልክ ተነግሮታል፤ ክፍሎቹ፣ መስኮቱ፣ በሩ፣ በውስጥም በውጭም የሚለቀለቀው ሳይቀር ተዘርዝሯል። መሪና ሸራ ግን አልተጠቀሱም። በሩንም ቢሆን ኖኅ አልዘጋውም፤ ዘፍጥረት 7፥16 እግዚአብሔር ከበስተ ኋላው ዘጋበት ይላል። ሁለቱም ቴባዎች በሰው እጅ በጥንቃቄ ተሠሩ፤ ሁለቱም ተለቀለቁ፤ ሁለቱንም የነዳቸው ሰው አልነበረም። እርስዎ ይህን ልጅ 20 ዓመት ያህል ለቅልቀውታል። አሁን የቸገረዎ መልቀለቁ ሳይሆን መሪ ያልተሠራለትን ነገር ለመንዳት መሞከሩ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ከስልኩ እንጀምር። ባለፈው ወር ለልጅዎ የላኩለትን መልእክት ወደ ላይ እየገፉ ያንብቡና የጥያቄ ምልክቱን ይቍጠሩት። «የት ነህ? ከማን ጋር ነህ? እሑድ ሄድህ?» የሚሉት ብቻ ከሆኑ፣ ልጅዎ መልስ ያቋረጠው ከእናቱ ጋር ሳይሆን ከመርማሪው ጋር ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ጥያቄ የሌለበት መልእክት ይላኩለት፤ ስለ ታናናሾቹ፣ ስለ ራስዎ ድካም፣ ስላሳቀዎ ነገር ይጻፉለት። ሌሊት ደግሞ ስልኩ ከመኝታ ክፍልዎ ውጭ ይደር። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ከመንፈሳዊ ጥያቄ ጋር ማገናኘቴን የሚታዘቡኝ ይኖሩ ይሆናል፤ ነገር ግን የማይታየው አደራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሚታይ ነገር አማካኝነት ነው።

ሉቃስ 15ንም ከዚህ አንጻር መልሰው ያንብቡት። ከ100 በጎች አንዱ በጠፋ ጊዜ እረኛው ፈልጎ ሄደ፤ ከ10 ድሪም አንዱ በጠፋ ጊዜ ሴቲቱ መብራት አብርታ ቤቷን ጠረገች፤ ከ2 ልጆች አንዱ በሄደ ጊዜ ግን አባትየው ወደ ሩቁ አገር አልተከተለውም። በጉም ድሪሙም የመመለሻውን መንገድ አያውቁም፤ ልጁ ያውቀዋል። ነገር ግን አባቱ ልጁን ገና ሩቅ ሳለ አየው፤ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሣም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚፈለግ፣ መቼም እንደሚጠበቅ መለየት ያስፈልጋል። ልጅዎ በሱስ እንደ ተያዘ፣ ወይም ስለ ሞት ማውራት እንደ ጀመረ የሚያሳይ ነገር ካዩ አይጠብቁ፤ ተነሥተው ይሂዱ፤ ሐኪም ያማክሩ። ያን ጊዜ ልጅዎ መንገዱን እንደማያውቀው በግ ነው።

እምነትዎ ውሸት እንደ ሆነ ጠይቀውኛል። አይደለም። ሳይታሰብ የጐዳዎት በጉባኤ የሰጡት ምስክርነት ይመስለኛል፤ ሰው አንድ ጊዜ በአደባባይ «አሳልፌ ሰጥቻለሁ» ካለ በኋላ «ዛሬም እንደ ገና አቅቶኛል» ለማለት ያፍራልና። እስራኤል በበረሃ የተመገቡት መና በየማለዳው ይለቀም ነበር፤ ለነገ ተብሎ ያደረው ተላ፤ ሸተተም። በበረሃው የነበሩት ሰዎች ትናንት የታመኑትን ለዛሬ ማሳደር አልቻሉም፤ እርስዎም ባይችሉ አይደነቅም።

ጥያቄ፦ «መምህር ሆይ፣ 26 ዓመቴ ነው። ሁለት የሥራ ዕድል አግኝቻለሁ። አንዱ የምወደው ሥራ ሆኖ ክፍያው አነስተኛ ነው፤ ሌላው የተሻለ ይከፍላል፤ ነገር ግን ከወላጆቼና ከማገለግልበት ኅብረት ያርቀኛል። በራስህ ማስተዋል አትደገፍ ስለተባለ ራሴ መወሰን አልፈለግሁም፤ የእግዚአብሔርን ምሪት እየጠበቅሁ ነው። እንደ ጌዴዎን ምልክት ጠይቄአለሁ። እስከ ቀትር ስልኬ ቢጠራ ሁለተኛውን እወስዳለሁ አልሁ፤ ጠራ፤ ሳነሣው በስሕተት የተደወለ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሴን በዘፈቀደ ገልጬ ጣቴን ያሳረፍሁበት ደግሞ የትውልድ ሐረግ ሆኖ ተገኘ። መልስ የምሰጥበት ቀን 10 ቀን ቀርቶታል። ዝም ብዬ ልጠብቅ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በስሕተት የተደወለው ስልክ አስቆኛል፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ነገር ግን እስቲ ልጠይቅህ፤ ደዋዩ በስሕተት ያልደወለ ቢሆን ኖሮ ምን ታውቅ ነበር? አንድ ሰው ከቀትር በፊት እንደ ደወለልህ ብቻ ነበር የምታውቀው።

ምሳሌ 3፥5 «በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል፤ በራስህ ማስተዋል አትጠቀም አይልም። ይኸው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ማስተዋልን እንደ ብር፣ እንደ ተሰወረ ገንዘብ ፈልጋት ብሎ ይመክራል። መደገፍ ማለት ክብደትን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ እርሱ ሲሰበርም አብሮ መውደቅ ነው። በእግርህ እየሄድህ በእግዚአብሔር ልትደገፍ ትችላለህ። ይልቁንም መዝሙር 32 እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ አትሁኑ የሚለን፣ እነዚህ በልጓም ካልሆነ የማይመሩ፣ ልብ የሌላቸው እንስሳት ስለሆኑ ነው። ስልክ እስኪጠራ ድረስ አልንቀሳቀስም ያለ ሰው ልጓም እንዲገባለት እየጠየቀ ነው፤ ከፍ ያለ መንፈሳዊነት ይመስለዋል እንጂ እግዚአብሔር ከሚፈልግለት ያነሰ ነው።

ጌዴዎንን በተመለከተ፣ ታሪኩን ከመሳፍንት 6 መጀመሪያ ጀምረህ አንብበው። ምልክት እንዲሆነው የበግ ጠጕር ባዘቶ በአውድማው ላይ ከመዘርጋቱ በፊት ሂድ ተብሎ ተልኳል፤ ከአንተ ጋር እሆናለሁ የሚል ተስፋም ተሰጥቶታል፤ ራሱም ሲጸልይ «እንደ ተናገርህ» ይላል። ስለዚህ ያልተነገረውን ለማወቅ አልነበረም የጠየቀው፤ የተነገረውን ለመፈጸም ፈርቶ ነበር፤ እንዳትቈጣኝ ብሎ የለመነውም ለዚህ ነው። እግዚአብሔር በድካሙ ታገሠው፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ሌላ መደገፊያውን ነጠቀው። 32,000 ሰዎች ነበሩት፤ 22,000ው ተመለሱ፤ ከቀሩት 10,000 ደግሞ 300 ብቻ እንዲይዝ ታዘዘ። ምልክቱን የምንወድ ሰዎች ይህን የቍጥር ቅነሳ ብዙም አንሰብከውም።

ምሪት ምን እንደሚመስል ለማየት የሐዋርያት ሥራ 16ን ያህል የረዳኝ ምዕራፍ የለም። ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞከሩ፤ ያም አልተፈቀደላቸውም። ልብ አድርግ፤ ጳውሎስ ሞከረ። የተከለከለውም እየሄደ ሳለ ነው እንጂ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈት ሲጠብቅ አይደለም። በጢሮአዳ ሌሊት ራእይ አየ፤ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ «ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን» ብሎ ለመነው። ራእይ የመሰለ ምልክት ከየት ይመጣል? ከዚህም በኋላ ግን በ10ኛው ቍጥር ላይ ውሳኔውን ለመግለጽ የገባው የግሪክኛ ቃል የተለያየውን አገጣጥሞ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር አያይዞ ወደ ድምዳሜ መድረስ ማለት ነው። ደግሞም ያየው ጳውሎስ ብቻ ሲሆን የደመደሙት «እኛ» ናቸው። ሁለቱ የተዘጉ መንገዶችና የሌሊቱ ራእይ አንድ ላይ ታሰቡ፤ ከዚያም በመርከብ ተነሡ።

ከደረሱ በኋላ የሆነውም ለአንተ ጥያቄ ይጠቅማል። የተጣራው ወንድ ነበር፤ በወንዝ ዳር ተሰብስበው ያገኟቸው ግን ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ልቧ የተከፈተላት ልድያ ከትያጥሮን ከተማ የመጣች ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ ትያጥሮን ደግሞ ጳውሎስ እንዳይሰብክበት በተከለከለው በእስያ አውራጃ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ተገርፈው እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። ትክክለኛው መንገድ ሰላም የሚሰማንና ሁሉ የሚሳካበት ነው የሚለውን የተለመደ መለኪያ ይዘን ብንፈርድ፣ በዚያች ሌሊት በወኅኒ ሆነን «ምሪቱን ስተናል» ባልን ነበር።

ተቃራኒው ስሕተትም እንዳለ አልሸሽግህም። በኢያሱ 9 የገባዖን ሰዎች ያረጀ ልብስ ለብሰው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር መጣን ሲሉ፣ የእስራኤል ሰዎች ማስረጃውን መረመሩ፤ ከስንቁም ወሰዱ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። ከዚያም ሰዎቹ ጎረቤቶቻቸው እንደ ነበሩ፣ ቃል ኪዳን ካደረጉላቸው ከ3 ቀን በኋላ ሰሙ። ማስረጃ መመርመራቸው አልነበረም ጥፋቱ፤ ምርመራቸው ጸሎትን አላስፈላጊ ያደረገው መሰላቸው እንጂ።

ስለዚህ በቀሩህ 10 ቀናት አትጠብቅ፤ ሥራ። ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሐሰት እንድትናገር ወይም ሰው እንድትበድል የሚያስገድድህ ከሆነ፣ ለዚህ ምልክት አያስፈልግህም፤ ተወው። ሁለቱም ንጹሕ ሥራ ከሆኑ፣ የትኛውን እንደምትፈራና ለምን እንደምትፈራ በወረቀት ላይ በእውነት ጻፍ። ከደብዳቤህ እንደ ተረዳሁት የምትፈራው መሳሳትን ብቻ ሳይሆን ወላጆችህን ማሳዘንን ነው፤ ምልክቱ ቢመጣ «እኔ ሳልሆን እግዚአብሔር ነው» ለማለት ይመችህ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ታርመኛለህ። ከዚያም «አይሆንም» ሊሉህ የሚደፍሩ ሁለት ወይም ሦስት የበሰሉ ሰዎችን አማክር፤ የሚያጨበጭብልህን ብቻ አትጠይቅ። በ8ኛው ቀን ወስን። ስትወስንም ያዕቆብ በመልእክቱ እንደሚያስተምረን «ጌታ ቢፈቅድ» በል። ያዕቆብ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ እንነግዳለን የሚሉትን ሰዎች የነቀፋቸው ስላቀዱ አይደለም፤ ነገ በእጃቸው ያለ ስለመሰላቸው ነው። እርሱ ራሱ «ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» ማለትን አልከለከለም።

የተሳሳተውን ብመርጥስ ትል ይሆናል። ጳውሎስ ወደ ቢታንያ የሞከረበት መንገድ የተሳሳተ ነበር፤ ግን የሚመልሰው አላጣም።

ጥያቄ፦ «አንድ የማከብረው አገልጋይ እገሌን እንድታገቢ ጌታ ነግሮኛል አለኝ። ሰውየው መጥፎ አይደለም፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። እምቢ ብል እግዚአብሔርን እምቢ ማለቴ ነውን? ራስን አሳልፎ መስጠት የገዛ ምርጫን መተው አይደለም ወይ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ አይደለም። ራስሽን አሳልፈሽ የሰጠሽው ለእግዚአብሔር ነው፤ ስለ እርሱ እናገራለሁ ለሚል ሰው ሁሉ አይደለም።

1ኛ ነገሥት 13ን አንብቢ፤ ብዙ የማይሰበክ፣ የሚያስደነግጥም ታሪክ ነው። ከይሁዳ የመጣ አንድ የእግዚአብሔር ሰው በቤቴል እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዞ ነበር። ንጉሡ ራሱ ሲጋብዘው እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነቢይ ተከተለውና እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ተናግሮኛል ብሎ ወደ ቤቱ ጠራው። ጸሐፊው ዋሸው ሲል በአጭሩ ይነግረናል። የእግዚአብሔር ሰው ለንጉሥ ያልተበገረውን ለነቢይ ተበገረና ተመልሶ በላ፤ በመንገድም አንበሳ ገደለው። ይህ ትሕትና መስሎት ራሱን ለሰው ያስረከበ ሰው ፍጻሜ ነው። ያንቺ አገልጋይ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ ቅን ሆኖ ሊሳሳት ይችላል፤ የገዛ ምኞቱንም ከጌታ ድምፅ ሳይለይ ቀርቶ ይሆናል። ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5 ትንቢትን አትናቁ ብሎ ወዲያው «ሁሉን ፈትኑ» ያለው ለዚህ ነው። የሚፈተን ነገር ደግሞ ሊወድቅ ይችላል።

እግዚአብሔር በእርግጥ የማይጠበቅ ጋብቻ ባጸና ጊዜ ምን እንዳደረገ ተመልከቺ። ማርያምን በመልአኩ በኩል ራሷን አነጋገራት፤ እርሷም ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች፤ መልስም ተሰጣት። ዮሴፍን ደግሞ ለብቻው በሕልም አነጋገረው፤ በማርያም አፍ አላዘዘውም፤ ማርያምንም በዮሴፍ አፍ አላዘዛትም። ስለ ጋብቻ ሲጽፍም ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39 ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነጻ ናት ብሏል። «የወደደችውን» የሚለውን ቃል ከመንፈሳዊነት ውጭ አድርጎ አላየውም።

ለአገልጋዩ በአክብሮት «ጸልየውልኛልና አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይህን ለእኔም እስኪነግረኝ ድረስ ግን አልሄድበትም» በዪው። መልእክቱ ከጌታ ከሆነ በመቆየቱ የሚጠፋ ነገር የለም። ከተቈጣ፣ ካስፈራራሽ፣ ወይም እርግማን ካነሣብሽ ግን ጉዳዩን ለብቻሽ አትያዥው፤ በዚያው ሳምንት ከእርሱ ሥር ላልሆነ ለሌላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና ለቤተሰብሽ ንገሪ።